ደኒዬና ጠገራ ብር በይፋግ ገበያ ሚዛን

ስለ ጠገራ ብር የተጻፉትን የውጭ አገር መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው አንድ ወሬ ደጋግሞ ሳያገኝ አይቀርም። ወሬውም የኢትዮጵያ ባላገር በብሩ ላይ የንግሥቲቱን መልክ ካላየ፣ በትከሻዋም ላይ ያለውን ጌጥ ነጥብ በነጥብ ቆጥሮ ዘጠኝ ካልሞላለት፣ ገንዘቡን አልቀበልም ይል ነበር የሚል ነው። ይህን የሚጽፉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ እያሉ ይጽፉታል። በትምህርት ክፍልም ወሬው ሲነሣ የሚስቀው ተማሪ ከማይስቀው ይበዛል። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ያንን ሳቅ ነው። ነጥብ የሚቆጥረው ባላገር የገንዘብ ነገር ያልገባው ሰው ሳይሆን፣ ገንዘብን በሚገባ የሚመረምር ዳኛ እንደ ነበረ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለዚህም ሁለት ገንዘቦችን ጎን ለጎን አስቀምጠናል። አንደኛው በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይ አገር በመዶሻ እየተመታ ይሠራ የነበረው፣ ከብርና ከመዳብ የተደባለቀው ደኒዬ ነው። ሁለተኛው እኛ ጠገራ የምንለው የማርያ ትሬዛ ብር ነው። የሚመዘኑበትንም ስፍራ በጌምድር አደረግነው፤ ከጣራ ገዳም እምብዛም በማይርቀው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአገሩ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ በነበረው በይፋግ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በምኒልክ ብር ላይ የተቀረጸውን ዓመት ስንጠቅስ ብቻ በአገራችን አቆጣጠር ይሆናል። ለማነጻጸሪያ ፈረንሳይን የመረጥነውም በዘፈቀደ አይደለም። የፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት መነሻውን በ864 ንጉሥ ቻርልስ ራሰ በራው ካወጣው ዐዋጅ ይቆጥራል፤ ይኸው ቤት ከብዙ ዘመን በኋላ ለአገራችን ሁለት ዓይነት ብር መትቷል። በኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ስለ ደኒዬ። ደኒዬን የምናውቀው ከመጻሕፍትና ከጥሩ ፎቶግራፎች ነው እንጂ በእጃችን ይዘን አልመረመርነውም። ሻርለማኝ በ793 ወይም በ794 ገደማ የገንዘቡን ሥርዓት ሲያጸና፣ ከአንድ ሊቭር ብር 240 ደኒዬ እንዲመታ አዘዘ፤ የአንዱ ክብደት 1.7 ግራም ያህል ሲሆን ብሩም ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየዘመኑ የተነሡት ነገሥታትና መሳፍንት ከብሩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ መዳብ ጨመሩበት። በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ቅዱስ ሉዊስ በሚባለው በዘጠነኛው ሉዊስ ዘመነ መንግሥት፣ ደኒዬ ቱርኗ የተባለው ገንዘብ አንድ ግራም ከጥቂት የሚመዝን ነበር፤ በውስጡ ያለው ብር ሲሶውን ያህል ብቻ ነው። ቅዱስ ሉዊስ ራሱ ለትልልቅ ንግድ የሚሆን ግሮ ቱርኗ የተባለ መልካም የብር ገንዘብ በ1266 አስመትቷል፤ ይህም 4.2 ግራም ያህል እየመዘነ በ12 ደኒዬ ይመነዘር ነበር። የድኻው እጅ የሚያውቀው ግን ትንሹን፣ ድብልቁን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ብርና መዳብ አብረው ይቀልጣሉ፤ የቀለጠው በስሱ ይፈስሳል፤ ሲረጋ ይቆረጣል፤ ቁራጩም በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ክብ ይሆናል። ከዚያ በእሳት ይግልና በሚኮመጥጥ ውሃ ይቀቀላል። የዚህ መቀቀል ጥቅም ሊስተዋል ይገባል። እሳቱ በቁራጩ ገጽ ላይ ያለውን መዳብ ያቃጥለዋል፤ ኮምጣጣው ውሃ የተቃጠለውን መዳብ አጥቦ ይወስደዋል፤ በላይ የሚቀረው ብር ነው። ስለዚህ ቀላ ብሎ የገባው ቁራጭ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ አንደኛው ማኅተም እንደ ችንካር በግንድ ላይ ይተከላል፤ ቁራጩ በላዩ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ማኅተም በእጅ ተይዞ ከበላይ ይደረጋል፤ ከዚያ መዶሻው ይወርዳል። መዶሻው ትንሽ ያዘነበለ እንደ ሆነ ሥዕሉ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ከጽሑፉም ፊደል ይጎድላል። ከሺህ ደኒዬ መካከል ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ማግኘት አስቸጋሪ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ፈረንሳዮች መዶሻውን ትተው ወደ መጭመቂያ መኪና የዞሩት ገና በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው።

ሥዕሉን እንደ ሥዕል ብንፈርድበት ደኒዬ የሚናቅ ሥራ አይደለም። በአንደኛው ገጽ መስቀል አለበት፤ በዙሪያው የንጉሡ ስም በላቲን ተጽፏል። በሁለተኛው ገጽ ቤት መሰል ቅርጽ አለ፤ ሊቃውንቱ የቱር ቤተ መንግሥት ይሉታል፤ በዙሪያው ያለው ጽሑፍ የቱርን ከተማ ያወሳል። የንጉሥ ፊት የለበትም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የተማርናት ጥቂት ላቲን ጽሑፉን ለማንበብ በቅታናለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከጽሑፉ ይልቅ ደስ ያሰኘን መስቀሉ ነው። እኩል እጆች ያሉት፣ ቀላል፣ ያልተጨናነቀ መስቀል ነው። አንድ የደብረ ታቦር አንጥረኛ ቢያየው ጥበቡን የሚንቅበት አይመስለንም።

ነቀፋችን በሌላ በኩል ነው። ደኒዬ ስለ ራሱ ምንም አይናገርም። ዋጋው በላዩ አልተጻፈም፤ ዋጋውን የሚወስነው የንጉሥ ዐዋጅ ነው። ምን ያህል ብር እንዳለበት በዓይን አይታወቅም፤ የመጀመሪያውን ነጭነት የሰጠው መቀቀሉ ነውና። ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ከዞረ በኋላ ላዩ ተፍቆ መዳቡ ብቅ ሲል ነው እውነቱ የሚታየው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ከመጨረሻው ባለቤት እጅ ገብቷል፤ ያም ብዙውን ጊዜ ድኻው ነው። ዳሩም ያልተስተካከለ ስለ ሆነ አንድ ቀጣፊ በመቀስ ጥቂት ቢቀንስለት ማን ያውቅበታል? ሥዕሉ የንጉሡን ስም ይናገራል እንጂ ለተቀባዩ ምንም አያስረዳም።

የዚህ ነገር ፍሬ የታየው በመልከ መልካሙ ፊሊጶስ ዘመን ነው። ይህ የቅዱስ ሉዊስ የልጅ ልጅ ከ1285 እስከ 1314 ገዛ፤ ለጦርነቱ ገንዘብ ሲያጥረው ከ1295 ጀምሮ የገንዘቡን ብር መቀነስ ያዘ። መስቀሉ እንደ ነበረ ነው፤ ስሙ እንደ ነበረ ነው፤ በውስጡ ያለው ብር ግን ቀነሰ። ሕዝቡ ይህን እያወቀ ዋጋ ጨመረ፤ ኑሮም ተወደደ። በ1306 ደግሞ ንጉሡ ተመልሶ እንደ አያቱ ዘመን ያለ ጥሩ ገንዘብ እንዲሠራ አዘዘ። ይህ ለሰሚው መልካም ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የፓሪስ ባለ ቤቶች ኪራያችንን በአዲሱ በጥሩው ገንዘብ ክፈሉን ስላሉ የኪራዩ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ ሆነ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ኤትየን ባርቤት የተባለውን ታላቅ ባለጠጋ ቤት ዘረፈ፤ ንጉሡንም በተቀመጠበት በቴምፕል ምሽግ ከበበው። ሁከቱ ሲበርድ የአመፁ መሪዎች ተሰቀሉ። ልብ ይሏል፤ ሲበላሽም ሲታረምም የተጎዳው ያው አንድ ሰው ነው።

ከዚህ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1355 ገደማ፣ ኒኮል ኦሬም የተባለ ሊቅ ስለ ገንዘብ አንድ መጽሐፍ በላቲን ጻፈ። ኦሬም ኋላ የሊዚዬ ጳጳስ የሆነ፣ አሪስጣጣሊስንም ወደ ፈረንሳይኛ የተረጐመ ሰው ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ገንዘብ የንጉሡ ሀብት አይደለም፤ የያዙት ሰዎችና የማኅበሩ ነው። ንጉሡ ማኅተሙን የሚያኖርበት ክብደቱና ጥራቱ ልክ እንደ ሆነ ለመመስከር ብቻ ነው። ማኅተሙን ሳይለውጥ ብሩን የሚቀንስ ንጉሥ እንግዲህ በሐሰት መሰከረ ማለት ነው፤ ይህም ከአራጣ የከፋ ነው። ይህ መጽሐፍ ዛሬም በኤኮኖሚክስ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይቆጠራል፤ የሚገባውም ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ኦሬም በብራና የጻፈውን የይፋግ ገበያተኛ በአውራ ጣቱ ሲፈርደው ስለ ምን ያሥቃል?

ወደ አገራችን ስንመለስ በመጀመሪያ የምናገኘው የአክሱም ገንዘብ ነው። ከ3ኛው መቶ ዘመን ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ አክሱም ወርቅ፣ ብርና መዳብ በመዶሻ ትመታ ነበር፤ ከዒዛና ክርስትና በኋላም መስቀል ተቀረጸበት። በአንዳንዶቹ የመዳብ ገንዘቦች ላይ ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ቃል ተጽፎባቸዋል። ፊሊጶስ ይህን ቢያነብ ኖሮ ያሰኛል። ነገር ግን የአክሱም ገንዘብ በ7ኛው መቶ ዘመን ቀረ፤ ከዚያ በኋላ፣ ከሐረር ከተማ መሐለቅ በቀር፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ በአገራችን ገንዘብ አልተመታም። ቅዱስ ሉዊስ በሞተበት በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ የደጋው ሰው የሚገበያየው በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅና በእህል ነበር። አሞሌም ቢሆን ያለ ምርመራ አይወሰድም፤ የተሸረፈው፣ የረጠበው፣ ያጠረው ሁሉ ዋጋው ይቀንሳል። የመመርመሩ ልማድ ከጠገራ ብር በፊት የነበረ መሆኑን ለማሳየት ያህል አነሣነው።

ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት፣ 28.07 ግራም የሚመዝን ገንዘብ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ስለ ሆነ በውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለበት። ይህም ማለት ከስድሳ በላይ የሆኑ የቅዱስ ሉዊስ ደኒዬዎች ቢቀልጡ የአንዱን ጠገራ ያህል ብር ይወጣቸዋል። በአንደኛው ገጽ ንግሥቲቱ የባልቴት ሻሽ ተሸፍና ትታያለች፤ ባሏ የሞተው በ1765 ነው። በትከሻዋ መጎናጸፊያዋን የያዘ ጌጥ አለ፤ በዙሪያው ዘጠኝ ዕንቁ። በሁለተኛው ገጽ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ዳሩ ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ፍትሕና ምሕረት የሚል የላቲን ቃል ዙሪያውን ተቀርጾበታል። ስለዚህ ቀጣፊ በመቀስ ወይም በሞረድ ቢነካው ወዲያው ይታወቅበታል። ደኒዬን ያጠፋው ደዌ እዚህ መድኃኒት አግኝቷል።

አሁን ወደ ዘጠኙ ዕንቁ እንምጣ። ዕንቁዎቹ ከገጹ ብቅ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። ገንዘብ በእጅ፣ በከረጢት፣ በኮርቻ ስልቻ ብዙ ሲዞር ቶሎ የሚፋቀው እንዲህ ያለው ብቅ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው። እንግዲህ ዘጠኙ በሙሉ የሚቆጠሩበት ብር ያልተበላ፣ ክብደቱ ያልጎደለ ብር ነው ማለት ነው። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፤ ሐሰተኛ ብር የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ እውነተኛውን በጭቃ ላይ አትሞ፣ በዚያ ቅርጽ ውስጥ የቀለጠ ድብልቅ ያፈስሳል። በእንዲህ ያለው ሥራ ትልቁ ነገር፣ ፊቱና ንስሩ፣ ደኅና ሆኖ ይወጣል፤ ጥቃቅኑ ነጥብ ግን ይዋሐዳል፣ ይደፈናል። ስለዚህ ሚዛን የሌለው፣ ኬሚስትሪ ያልተማረ ገበያተኛ በአንድ መቁጠር ሁለት ምርመራ ይፈጽማል፤ ክብደቱንም እውነተኛነቱንም ያውቃል። ይህን የመሰለ ዘዴ አንድ የአውሮፓ ባለ ባንክ ቢያወጣው ኖሮ ስሙ በመጻሕፍት ላይ ይጠራ ነበር።

በአዲስ ዘመን ከተማ ያነጋገርናቸው አንዲት እማሆይ ከእናታቸው የወረሱትን አንድ ጠገራ በማቁ ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ብሩን ከእጃችን ሲቀበሉ አላዩትም፤ አውራ ጣታቸውን አዞሩና በትከሻው ላይ አሳረፉት።

«እማሆይ፣ ሴትዮዋ ማን እንደ ሆነች ያውቃሉ?» አልናቸው።

«እኔ ምን ቸገረኝ ልጆቼ፤ እናቴ ያሳየችኝ ጌጧን ነው። ጌጧ ካለ እሷ አለች።»

ይህ አነጋገር ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ነገሩን ገለጠልን። እማሆይ የሚያምኑት ንግሥት የለችም። የቪየና መንግሥት ምን እንደ ሆነ አይጠይቁም። የሚያምኑት አንድ ምልክት ነው፤ ምልክቱንም ያመኑት እናታቸው ፈትናው ስላስረከበቻቸው ነው። በደኒዬ የሚታመነው የንጉሡ ስም ነበር፤ ስሙም ከዳቸው።

ለዚህ ክርክራችን አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ አልፈነው ልንሄድ አንችልም። ማርያ ትሬዛ የሞተችው በኅዳር 1780 ነው። በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ያው 1780 ነው። በቪየና ብቻ አይደለም፤ ከ1935 ጀምሮ በሮማ፣ በፓሪስ፣ በለንደን፣ ቀጥሎም በብራስልስ፣ በ1940 እና በ1941 በቦምቤይ፣ ከ1949 እስከ 1955 በበርሚንግሃም፣ የሞተችው ንግሥት መልክ ከነዓመቱ ሲመታ ኖሯል። ታዲያ ይህ ማጭበርበር አይደለምን? የፊሊጶስን ማኅተም ሐሰተኛ ምስክር ካልን፣ በበርሚንግሃም የተመታውን የ1780 ብር ምን እንለዋለን?

መልሳችን ይህ ነው። በደኒዬ ላይ ጽሑፉ እውነት ነበር፤ ንጉሡ በእርግጥ ፊሊጶስ ነው፤ ሐሰቱ በብሩ ላይ ነው። በጠገራ ላይ ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ ዓመቱም አገሩም ንግሥቲቱም ልክ አይደሉም፤ ብሩ ግን በተባለው ልክ ነው። በርሚንግሃምም ሆነ ፓሪስ ክብደቱንና ጥራቱን አልለወጡም፤ ቢለውጡ ማን ይቀበላቸው ነበር? ጽሑፉን የማያነብ ሰው በጽሑፉ ሐሰት የሚጎዳው ነገር የለም። ሊቃውንቱ የሚስቁበት ባላገር የሚያነበውን ነገር አንብቧል፤ የማይረባውን ትቶታል። እንዲያውም የገንዘቡ አሠሪዎች ዓመቱን ለመለወጥ ያልደፈሩት እሱን ፈርተው ነው። አንድ ገበያ የስንት መንግሥታትን ማተሚያ ቤት ለፈቃዱ እንዳስገዛ ማየት ለእኛ የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ይህን ኀይል ሁለት መንግሥታት በራሳቸው ላይ አይተውታል። እንግሊዞች በ1867 እና በ1868 ከጀነራል ናፒየር ጋር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጡ፣ ወርቃቸውም ሩጲያቸውም እዚህ እንደማያበላቸው ዐውቀው ጠገራ ብር ከኦስትሪያ ማተሚያ ቤት እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። ጣልያኖች ደግሞ በ1890ዎቹ በኤርትራ የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታላሪ አወጡ፤ ሰው አልወደደውም። በ1918 እንደገና ሞከሩ፤ አሁን ማርያ ትሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጸው ጣልያን አሏት። ይህ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ሥራ ነው፤ የሌላውን መልክ ተውሶ ራስን ማስመሰል ነውና። ገበያውም ሴቲቱን አላወቃትም። በመጨረሻ በ1935፣ ለወረራ ሲዘጋጁ፣ ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተዋውለው እውነተኛውን ጠገራ በሮማ ይመቱት ጀመር። ታንክና አውሮፕላን ያለው መንግሥት የሞተችን ንግሥት ጌጥ ይዞ ካልመጣ ዶሮ መግዛት አይችልም ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ለክርክራችን የማይመቸውን ማንሣት አለብን፤ እሱም የምኒልክ ብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 የገንዘብ ዐዋጅ አወጡ፤ ከ1894 ጀምሮም በፓሪስ ማተሚያ ቤት ብር አስመቱ። በአንደኛው ገጽ ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ዘውድ የደፋው አንበሳ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ይታያሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ 1887፣ በአንዳንዶቹ ላይ 1889 ዓመተ ምሕረት ተቀርጿል። ከብሩ በታች አላድ፣ ሩብና ተሙን፣ ከነሱም ያነሰው ነበሩ። ሥዕሉ ያማረ ነው። በግዕዝ ፊደል ስለ ተጻፈ የአገራችን ሰው ያነበዋል። ብሩም ንጹሕ ነው፤ 28.075 ግራም እየመዘነ ከሺህ 835 እጁ ብር ነው፤ ይህ 23.44 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል። ከጠገራው በጥቂት ይበልጣል እንጂ አያንስም። እንዲህም ሆኖ የገጠሩ ገበያ አመነታበት፤ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ጠገራን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም።

እዚህ ላይ ገበያው ተሳስቷልን? በብሩ መጠን ከፈረድን አዎ፣ ተሳስቷል። የገዛ ንጉሡን እውነተኛ ብር ትቶ የባዕድ ንግሥት ብር መርጧል። ይህን የሚያዩ አንዳንድ ጸሐፊዎች አገር ያለመውደድ ወይም ያለመሠልጠን አድርገው ይተረጕሙታል። እኛ ግን እንዲህ እናያለን። የምኒልክ ብር ጥራቱን ለማረጋገጥ ያለው ሰው የፓሪስ ኬሚስት ነው፤ የበጌምድር እናት አይደለችም። አንበሳው አዲስ ስለ ሆነ የትኛው ፀጉሩ በመጀመሪያ እንደሚፋቅ፣ ሐሰተኛው በየት በኩል እንደሚታወቅ ገና የሚያውቅ አልነበረም። ይህ ዕውቀት በአንድ ዐዋጅ አይመጣም፤ ሁለት ወይም ሦስት ትውልድ ገንዘቡን ሲዳስሰው ኖሮ የሚገኝ ነው። እንግዲህ የምኒልክ ብር ጉድለት የሥዕሉ ወይም የብሩ ሳይሆን የዕድሜው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ያው የፓሪስ ማተሚያ ቤት ለምኒልክ አንበሳውን ከመታ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ከ1935 እስከ 1957፣ የማርያ ትሬዛን መልክ ሲመታ መኖሩ ነው። አንድ ቤት ለሁለቱም ሠራ፤ ገበያው አንዷን መረጠ።

የይፋግን ዳኝነት ስናመሰግን ጭካኔውንም መሸፈን የለብንም። ዘጠኙ ዕንቁ የተፋቀበት ብር ከገበያ ባዶ አይመለስም፤ በቅናሽ ይወሰዳል። በቅናሽ የሚሰጠው ደግሞ ማን ነው? መምረጥ የማይችለው፣ ለግብር የቸኮለው፣ ከብቱን ለመሸጥ የተገደደው ነው። ነጋዴው የተበላውን በርካሽ ሰብስቦ ለአንጥረኛ በሚዛን ይሸጠዋል። አንድ ጠገራ ሙሉ ዋጋው ለድኻ ቤት ከባድ ነው፤ ለትንሽ ግዢ መመንዘሪያው አሞሌ ስለ ሆነ፣ በመነዘረ ቁጥር የሚያተርፈው የጨው ነጋዴው ነበር። ደኒዬ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ትንሽ ስለ ነበረ የፓሪስ ድኻ ለአንድ ዳቦ የሚከፍለው ገንዘብ ነበረው። ለድኻ የምትሆን ትንሽ ገንዘብና ለድኻ የሚታመን ገንዘብ በአንድነት መገኘት እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። ምኒልክ አላድና ተሙን ያስመቱት ሁለቱን ለማገናኘት አስበው ነው ብለን እናምናለን።

ስለ መዶሻው አንድ ነገር ቀርቶናል። በፈረንሳይ መዶሻው ብሩን ገንዘብ ያደርገዋል፤ በእኛ አገር ገንዘቡን መልሶ ብር የሚያደርገው መዶሻ ነው። በደብረ ታቦር ያየነው አንጥረኛ ጠገራ ብርን በወናፍ እሳት ያቀልጣል፤ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጣል፤ የአንገት መስቀል፣ አልቦ ወይም ጉትቻ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ ስንቱ ጠገራ እንደ ቀለጠ የሚቆጥር አይገኝም። በ1945 የኢትዮጵያ ዶላር ሲታወጅ የሃምሳ ሳንቲሙ ገንዘብ ከብር ተሠርቶ ነበር፤ ይህ የተደረገው ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲያምን ነው ይባላል። የብሩ ዋጋ በላዩ ከተጻፈው ዋጋ በልጦ ሲገኝ ግን ሳንቲሙ ቀለጠ፣ ድንበርም ተሻገረ። ሴቶቹ በአንገታቸው ያሰሩት መስቀል እንግዲህ የባንክ ሣጥን ጭምር ነበር። ለክፉ ቀን ይሸጣል፤ አንጥረኛውም በሚዛን ይገዛዋል።

የሚመዝነው በምን እንደ ሆነ ጠየቅነው። ከሚዛኑ አንደኛው ሰሐን ላይ ያኖራት ጠገራ ናት። የአንድ ጠገራ ክብደት አንድ ወቄት ይባላል፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በሷ ነው። ዕንቁዎቿን ቆጠርን፤ ዘጠኝ ናቸው። ትሸጥልናለህ ወይ ብለን ብንጠይቀው ሥራ እንዳንፈታው ነግሮ ወደ ወናፉ ተመለሰ።